ብስክሌቱ የማክሰኞ ነው ወይስ የእሑድ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ብስክሌት ልግዛ?» ሃያ ሁለት ዓመት እጄ በብስክሌት ካቴና (ሰንሰለት) ቅባት ጠቁሮ ስለኖርኩ መልሱን በአንድ ቃል ብገላገለው ደስ ባለኝ፣ ግን አይሆንም። ስድስቱን መርጫለሁ። የረዘሙትን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የጠያቂዎቹንም ስም ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ ወደ ሥራ የምመላለስበት ብስክሌት ልገዛ ነው። መንገዱ 9 ኪሎ ሜትር ነው። ሰባቱ አስፋልት ሲሆን የመጨረሻው ሁለት ጠጠርና አቧራ ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ። ላፕቶፕና የዝናብ ልብስ እይዛለሁ። ሻጩ ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር ያለው ማውንቴን (የተራራ ብስክሌት) አሳየኝና «ይኼ የትም ይገባል» አለኝ። ጓደኛዬ በበኩሉ «ኮርሳ (የእሽቅድምድም ብስክሌት) ግዛ፣ ትበራለህ» ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይስሙ። ሻጩ አልዋሸዎትም፤ ያ ብስክሌት እውነትም የትም ይገባል። ነገሩ እርስዎ የት ይገባሉ ነው። ሰው ብስክሌት ሲገዛ ዓይኑ ላይ የሚመጣው እሑድ ነው፦ ጫካው፣ ቁልቁለቱ፣ ነፋሱ። የሚነዳው ግን ማክሰኞ ጠዋት፣ ያውም ረፍዶበት ነው። ስለዚህ የሚያማክረኝን ሰው ሁሉ «መጀመሪያ የማክሰኞን መንገድ ንገረኝ» እለዋለሁ። እርስዎ ሳልጠይቅዎ ስለነገሩኝ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ከአሞርዛተሩ እንነሳ። ሥራው ጎማው ድንጋይና የዛፍ ሥር ሲነካ ከመሬት እንዳይለቅ ማድረግ ነው። ወጣ ገባ ቁልቁለት በፍጥነት ለሚወርድ ሰው ከመውደቅና ካለመውደቅ መሀል ያለው ልዩነት እሱ ነው። አስፋልት ላይ ግን ፔዳል በረገጡ ቁጥር ብስክሌቱ ዝቅ ከፍ ይላል፤ ወደፊት መሄድ የነበረበት ጉልበትዎ ሞላ ሲጨምቅ ይውላል። ክብደቱም አለ። ርካሽ ብስክሌት ላይ የሚገጠመው የፊት አሞርዛተር ብቻውን 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ሞላ የሌለው ደረቅ ሹካ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ክፍል) የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ደግሞም እንክብካቤ ይፈልጋል፣ ማንም አያደርግለትም እንጂ። በቅርቡ አንዱን ፈታሁት። አቧራ የሚከለክለው ላስቲክ ተሰንጥቋል፣ ውስጡ የነበረው ቅባት ከአቧራ ጋር ተለውሶ ጠንክሯል፣ ሞላው ዝጎ ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። በሁለት እጄ ተጭኜ በሙሉ ክብደቴ ብተኛበትም አልነቃነቅ አለ። ባለቤቱ ለስንት ጊዜ የማይሠራ አሞርዛተር ተሸክሞ እንደዞረ እንጃ፤ «እኔ እኮ መንገዱ የከፋ መስሎኝ ነበር» ነው ያለኝ።

ወደ ጓደኛዎ ኮርሳ እንምጣ። ኮርሳ የሚያፈጥነው ጎማው ስለቀጠነ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋናው ምክንያት ነጂውን ስለሚያጎነብሰው ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየር የሚገፋዎት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ትልቁ ጠላት አየሩ ነው። እርስዎ በመኪናና በእግረኛ መሀል በ18 እና በ20 ለሚሄዱት ግን ቀና ብሎ ዙሪያን ማየት ከማጎንበስ ይበልጥብዎታል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ኮርሳዎች የሚመጡት 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ ነው፤ ያቺ የመጨረሻ ሁለት ኪሎ ሜትር በየቀኑ እጅዎን ታንቀጠቅጠዋለች። ሰፊ ጎማ ልቀይር ቢሉም ቴላዮው (ሁሉም ነገር የሚገጠምበት የብስክሌቱ አጽም) አያስገባልዎትም።

ለእርስዎ የሚሆነው መሀል ላይ ያለው ነው። ሻጮች ሀይብሪድ ይሉታል፦ መሪው ቀጥ ያለ፣ አሞርዛተር የሌለው፣ ቸርኬው እንደ ኮርሳ ትልቅ፣ ጎማው ግን ከ38 እስከ 42 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ። (ሀይብሪድ ተብለውም ርካሽ አሞርዛተር የሚገጠምላቸው አሉ፤ እነሱን ይለፏቸው።) መሪው እንደ ኮርሳ ወደታች የታጠፈው ዘመዱ ግራቭል ይባላል፤ ቅዳሜና እሑድ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ቢሆን እሱን እመርጥልዎት ነበር። ለዘጠኝ ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለው ይበቃል። ሱቁ ውስጥ ጎንበስ ብለው የኋላ ቸርኬው እምብርት የተያዘበትን ቦታ ይዩ፤ ቴላዮው ላይ ትንንሽ የብሎን ቀዳዳዎች ከሌሉ ፖርቶመጋላ (የኋላ ዕቃ መጫኛ) እና ፓራፋንጎ (ጭቃ መከላከያ) ማሰር ጣጣ ስለሚሆን ብስክሌቱን ይተዉት። ላፕቶፕ በጀርባ ተሸክሞ የሚነዳ ሰው ላቡ ሸሚዙን አልፎ ቦርሳው ይደርሳል፤ ዕቃ ብስክሌቱ ይሸከም። ጭቃ ስላለብዎት ፍሬኑ ዲስክ (ቸርኬው መሀል ላይ ያለውን ሳህን የሚጨብጥ) ይሁን፤ ቸርኬውን የሚጨብጠው ዓይነት ፍሬን ከጭቃ ጋር እየፈጨ የቸርኬውን ግድግዳ ይበላዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከብስክሌቱ ዓይነት እኩል የሚያስፈልግ ነገር ስለሆነ። የአየር መጠን። 40 ሚሊ ሜትር ጎማን እንደ ኮርሳ ጎማ 80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ነፍተው «ብስክሌቱ ይደልቃል» እያሉ የሚመጡብኝ አሉ። ክብደትዎ 75 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ከ40 እስከ 45 ይበቃል፤ ጠጠሩ ከከፋ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። ጠጠር ላይ ከዚህ የተሻለ አሞርዛተር አላውቅም፣ ዋጋውም አየር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 17 ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ68። ውድድር መጀመር እፈልጋለሁ። ያገለገለ የካርቦን ኮርሳ አግኝቻለሁ፣ በጣም ቀላል ነው። የቴላዮው ቁጥር (መጠኑ በሴንቲ ሜትር) 56 ነው። ሻጩ «ኮርቻውን ዝቅ ታደርገዋለህ» አለኝ። ልግዛው?

መልስ፦ አትግዛው፣ ልጄ። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ያንኑ አድርጌ ነው የምነግርህ። ቁመቴ ካንተ በሁለት ሴንቲ ነው የሚበልጠው፤ የገዛሁት ቁጥር 58 ነበር፣ ሰማያዊ፣ መስተዋት የመሰለ። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው አወረድኩት። እግሬ ፔዳሉ ላይ ደረሰ፣ እጄ ግን መሪው ላይ የሚደርሰው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነበር። አንገቴ ታመመ፣ እሱን ቻልኩት። በሦስተኛው ወር የግራ እጄ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ መደንዘዝ ጀመሩ፤ ሸሚዝ መቆለፍ አቃተኝ። ክንድ ሲገተርና መዳፍ መሪ ላይ ሲጫን ወደ እነዚያ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ ይጨፈለቃል። ብስክሌቱን በገዛሁበት ግማሽ ዋጋ ሸጥኩት፤ የገዛኝ ሰው ረጅም ነበር፣ ተስማማው።

የኮርቻ ከፍታ ይስተካከላል። የቴላዮ ርዝመት አይስተካከልም። መሪውን የሚይዘውን አንገት ከ100 ሚሊ ሜትር ወደ 80 ማሳጠር ይቻላል፤ ከዚያ ካለፍክ ግን መሪው ይቀበጣል፣ በቁልቁለት ያስፈራል። ለቁመትህ 52 ወይም 53 አካባቢ ነው የምፈልግልህ፤ እግርና ጉልበታችን ከደረታችን ጋር ያለው ምጣኔ ስለሚለያይ አንዳንዱ 54 ይመቸዋል። ቁጥሩን ብቻ አትመን፤ ፋብሪካዎች የሚለኩበት ቦታ አንድ አይደለም። ከፔዳሉ መዞሪያ መሀል ተነስተህ የመሪው ቱቦ ጫፍ ድረስ ወደላይ ስንት፣ ወደፊት ስንት እንደሆነ ለካ፤ ሁለት ብስክሌት የምታወዳድረው በእነዚህ ሁለት ልኮች ነው።

የኮርቻህን ከፍታ ለመጀመር ይህን ሞክር። ባዶ እግርህን ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፣ ደብተር በእግሮችህ መሀል ወደላይ ጥብቅ አድርገህ ያዝ፣ ከወለል እስከ ደብተሩ ጠርዝ ለካ። ያገኘኸውን በ0.883 አባዛ። 78 ሴንቲ ከሆነ 68.9 ይመጣል፤ ከፔዳሉ መዞሪያ መሀል እስከ ኮርቻው አናት ያን ያህል። መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሚሊ ሜትር አንተው ታስተካክለዋለህ።

ካርቦኑ ሌላ ጉዳይ ነው። አልሙኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ታየዋለህ። ካርቦን ከውስጥ ተሰንጥቆ ከላይ ቀለሙ ደህና ሊመስል ይችላል። ታሪኩን የማታውቀውን ያገለገለ ካርቦን፣ ያውም ለመጀመሪያ ብስክሌት፣ እኔ አልነካም። ስለ ቅለትም አትጨነቅ፤ የዓለም አቀፉ ብስክሌት ኅብረት ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነን የውድድር ብስክሌት አያሰልፍም፣ የባለሙያዎቹንም ቢሆን። አንድ ኪሎ የከበደ ግን ልክህ የሆነ አልሙኒየም ይዘህ ለውድድር የሚለማመዱትን ተቀላቀል። ሰው ጀርባ ተጠግቶ መንዳትን የሚያስተምርህ ካርቦን አይደለም።

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሴት ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ሐኪሜ ብስክሌት ንጂ ብሎኛል። የምኖርበት ዳገት ነው፣ ቀሚስ መልበስም አልተውም። ባለ 21 ማርሽ ይበቃኛል ወይስ ባለ ባትሪ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ 21 የሚለው ቁጥር አያታልልዎት። ለጉልበትዎ የሚያስፈልገው የማርሾቹ ብዛት አይደለም፤ ከሁሉም ቀላሉ ምን ያህል ይቀላል የሚለው ነው። ብዙዎቹ ባለ 21 ማርሾች ፊት ትንሹ 28 ጥርስ ነው፣ ኋላ ትልቁም 28። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፣ ማለት 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ፊት አንድ 32 ብቻ፣ ኋላ እስከ 46 ጥርስ ያለው ባለ 9 ማርሽ አለ፤ እሱ በአንድ ዙር 1.46 ሜትር ነው የሚሄደው። በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞሩ የመጀመሪያው በሰዓት 7.6 ኪሎ ሜትር ያስኬድዎታል፣ ሁለተኛው 5.3። ከባድ ዳገት ላይ 7.6 መያዝ ካልቻሉ ፔዳሉን እየገፉ፣ እየጫኑ መውጣት ይሆናል፤ ያ ነው ጉልበት የሚበላው። ቀላል አድርጎ ቶሎ ቶሎ ማዞር ይሻላል። እንግዲህ 9 ከ21 በለጠ ማለት ነው።

ቴላዮው መሀሉ ዝቅ ያለ ይሁን፤ እግርዎን ሳያነሱ አልፈው ይቀመጣሉ፣ ቀሚሱም አያስቸግርም። «የሴት ብስክሌት» ብለው የሚያጣጥሉት አሉ፤ ዳሌውን ያመመው ወንድ ሁሉ በመጨረሻ ወደዚያ ይመጣል። ኮርቻውንም በጣም አያውርዱት። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበትን ከፊት ለፊት ያሳምማል፤ ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። በስፋቱ እንደ ሶፋ የሚሰምጠውንም አልመክርዎትም፤ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚመቸው።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ዳገቱ ረጅም ከሆነ ይግዙት እላለሁ፣ ስንፍና የሚመስለው ይምሰለው። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጥረው ሞተሩ 250 ዋት የሆነውንና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቆመውን ነው፤ ለእርስዎ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ሱቅ ውስጥ የሚጠይቁት አንድ ነገር ቢኖር እገዛው የሚመጣው ፔዳሉ መዞሩን አይቶ ነው ወይስ የእግርዎን ግፊት ለክቶ የሚለው ነው። ግፊት የሚለካው እንደ ራስዎ እግር ነው የሚሰማው። መዞር ብቻ የሚያየው ከመነሻው ዘግይቶ ድንገት ይወረውርዎታል፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ አልወደውም። ክብደቱ ግን ከ20 ኪሎ ያልፋል። ደረጃ ላይ ተሸክመው የሚያስገቡት ከሆነ ባለ 9 ማርሹን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ከመግዛት እንድታድግበት ብዬ ባለ 24 (ጎማው 24 ኢንች የሆነውን) ብገዛላትስ?

መልስ፦ ባለ 24 ላይ እግሯ መሬት አይደርስም፣ ጣቷም ፍሬን አይደርስም። ፍሬን ያልደረሰ ልጅ በእግሩ ነው የሚያቆመው። የስድስት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 16 ወይም ባለ 20 ነው የሚሆናት፤ አስቀምጠው ይዩት። ክብደቱንም በእጅዎ ያንሱት። 18 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 12 ኪሎ ብስክሌት ስትነዳ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 47 ኪሎ ገደማ ብስክሌት እንደመንዳት ነው፤ እርስዎ አይነዱትም። ያገለገለ ይግዙ፣ ሲጠባት ለጎረቤት ልጅ ይሽጡት።

ጥያቄ፦ 29 እና 700 የሚባሉት ጎማዎች ልዩነታቸው ምንድነው? አንዱ ሻጭ አንድ ነው አለኝ፣ ሌላው ሳቀብኝ።

መልስ፦ የሳቀው ተሳስቷል። ሁለቱም 622 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። 29 የሚባለው ሰፊውን የማውንቴን ጎማ ነው፣ 700 ደግሞ የኮርሳና የሀይብሪዱን። ሆኖም 622 ሆነ ማለት ቴላዮው መሀል ይገባል ማለት አይደለም፣ ስፋቱ ይወስነዋል። 27.5 የሚባለው 584 ነው፣ የድሮው የማውንቴን 26 ደግሞ 559። እነዚህን አእምሮዎ ውስጥ ከመያዝ ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ማንበብ ይቀላል፤ «40-622» ካለ ስፋቱ 40፣ ቸርኬው 622 ነው። ካላማዳሪ ሲገዙም በዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ማውንቴን ለማየት ቀጠሮ ይዣለሁ። ባለሙያ ይዤ መሄድ አልችልም። ምን ይዤ ልሂድ፣ ምን ልይ?

መልስ፦ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘው ይሂዱ። የተማሪ ማስመሪያ 30 ሴንቲ ስለሆነ በግማሽ ሴንቲ ይጎድልብዎታል። ካቴናው ላይ ከአንዱ ፒን መሀል ጀምረው 24 ፒን ይቁጠሩ፣ የመጀመሪያውን ዜሮ ብለው። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306 ካለፈ ካቴና ይቀየራል፤ 308 ከደረሰ የኋላ ጥርሶቹም አብረው ተበልተዋልና ያንን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ሻጩ ሜትሩን ሲያይ ዋጋ ሲወርድ አይቻለሁ፣ ገና ሳይለካ።

ከዚያ የፊት ፍሬን ጨብጠው ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ይወዝውዙ፤ የመሪው ቱቦ አካባቢ ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ልል ነው ወይም አልቋል። የፔዳሉን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ይሳቡት፣ መንቀሳቀስ የለበትም። ቸርኬዎቹን አንስተው ያዙሩና ከፍሬኑ ወይም ከቴላዮው ጋር ያለው ክፍተት ይጠብ ይስፋ እንደሆነ ይዩ። አሞርዛተሩን በሁለት እጅ ይጫኑት፣ ወርዶ ሳያንገራግር መመለስ አለበት። ተንበርክከው የታችኛውን የቴላዮ ቱቦ ከመሪው አጠገብ ከሥር ይዩት፣ በጣትዎም ይዳስሱት፤ ፊት ለፊት ተጋጭቶ የሚያውቅ ቴላዮ እዚያ ላይ ቀለሙ ይሸበሸባል ወይም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። እሱን ካዩ ሌላውን ሳያዩ ይሂዱ።

በስተመጨረሻ ሻጩን «ኮርቻውን አንሳልኝ፣ ለቁመቴ ልሞክረው» ይበሉት። ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። ኮርቻውን የሚሸከመው የአልሙኒየም ዘንግ በብረት ቴላዮ ውስጥ ያለ ቅባት ዓመታት ከቆየ በዝገት ይያያዝና አንድ አካል ይሆናል። ሻጩ ብሎኑን ፈትቶ ኮርቻውን ግራና ቀኝ ሲያጣምም ዘንጉ ካልተነቃነቀ፣ «ቤት ስትደርስ ትንሽ ዘይት ብቻ ነው» ይልዎታል። ለእኔም አንድ ደንበኛ እንዲሁ ተብሎ የገዛውን አመጣልኝ። ዘይት አፈሰስኩበት፣ ሌሊቱን አሳደርኩት፣ በማግስቱ በጉጠት ያዝኩት፣ ኮርቻው ተሰበረ። የቀረውን ዘንግ ከውስጥ በመጋዝ ምላጭ እየሰነጠቅኩ ሳወጣ ከሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ፣ ሦስት ምላጭም በላ።